ወደ ውጭ አገር ሄዶ የላላ ቆዳን በኦፕራሲዮን ስለ ማስወገድ
ነጋዴ ከመነሣቱ በፊት ሊያሰላው የሚገባ ሒሳብ

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ፥ ሻጩ የላከለትን ፕሮፎርማ ሳይመረምር፥ ዕቃው በማን ወጪ እንደሚጓጓዝ ሳይጠይቅና የመድኑን ውል ሳያነብ በባንክ ኤል.ሲ. አያስከፍትም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን በገዛ አካሉ ላይ የሚፈጸም ኦፕራሲዮን ከባሕር ማዶ ሲገዛ፥ በስልክ በተላከለት ፎቶግራፍና በአንድ ደላላ ቃል ብቻ ተማምኖ ቀብድ የሚልክበት ጊዜ አለ። የተበላሸ ዕቃ በመድን ይካሣል፤ የተበላሸ ኦፕራሲዮን ግን ሕይወትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ ሕይወት ቢተርፍም የሱቁን ጥሪት ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፥ ብዙ ኪሎ ከቀነሱ በኋላ የሚቀረውን የላላ ቆዳ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለማስወገድ የሚያስብ ሰው፥ በተለይም እንደ ጨፋ ሮቢትና እንደ ከሚሴ ካሉት ከዋናው ከተማ ርቀው ከሚገኙ የንግድ ከተሞች የሚነሣ ሰው፥ አስቀድሞ ምን ምን ማሰናዳት እንዳለበት ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን። የምክራችን ፍሬ ነገር በአጭር ቃል ይህ ነው፦ ጉዞው ከመመለሻው ጀምሮ ይታቀድ። በአገር ውስጥ ቁስሉን ተቀብሎ የሚያይ ሐኪም ሳይገኝና ሳይስማማ አንድ ሳንቲም ቀብድ መላክ አይገባም።

ነገሩ ከምን ተነሣ

በቅርብ ዓመታት በዓለም ላይ ብዙ ውፍረት የሚቀንሱ ሰዎች ቁጥር ከፍ ብሏል። ገሚሱ በምግብ ቁጥጥርና በእንቅስቃሴ፥ ገሚሱ ጨጓራን በሚያሳንስ ኦፕራሲዮን፥ ገሚሱም ሴማግሉታይድን በመሰሉ አዳዲስ የመርፌ መድኃኒቶች ይቀንሳል። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለውፍረት ሕክምና ከተፈቀደ ወዲህ ዝናው በየአገሩ ተሰምቷል። ነገር ግን ሠላሳና አርባ ኪሎ ስብ ሲጠፋ፥ ስቡን ሸፍኖ የኖረው ቆዳ አብሮ አይጠፋም። ቆዳን ወደ ቦታው የሚመልሱት ረቂቅ ክሮች ለብዙ ዓመታት ተለጥጠው ስለሚበጣጠሱ፥ እንደ ደከመ ላስቲክ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ሆድ ከእምብርት በታች ይንጠለጠላል፤ ክንድ፥ ጭንና ጡት ይላላሉ። በገበያ የሚሸጡት ቅባቶች ይህን አይመልሱትም። ስፖርት መሥራት ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ የተረፈውን ቆዳ አያሳጥርም።

ጉዳዩን የቅንጦት ነገር ብቻ አድርጎ ማየትም ፍርደ ገምድልነት ነው። የቦርከና ወንዝ በሚያቋርጠው በጨፋ ሸለቆ ሙቀት፥ በተደራረበ ቆዳ መካከል ላብ ይታቈራል፤ ከዚያም መቅላት፥ መቍሰል፥ ሽታና የፈንገስ በሽታ ይከተላል። የተንጠለጠለው ቆዳ ለመራመድ፥ ለሥራ ለመጐንበስና ለስግደት እንኳ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። በብዙ ድካም ኪሎውን የቀነሰ ሰው ይህን ሸክም ለማውረድ ቢሻ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። የሚያስነቅፈው ሳያሰላ መነሣቱ ነው።

ኦፕራሲዮኑስ ምን ዐይነት ነው

ሐኪሙ ከሆድ በታች ከዳሌ እስከ ዳሌ ቀድዶ ትርፉን ቆዳና ስብ ያወጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱም የሆድን ጡንቻ ያጠብቃል፤ እምብርትንም በአዲስ ቦታ ያወጣል። ብዙ ኪሎ በቀነሱት ሰዎች ላይ ቅዱ ወገብን እንደ ቀበቶ ዞሮ የሚገጥምበትም ጊዜ አለ። የክንድና የጭን ኦፕራሲዮን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ረጅም ጠባሳ እንደሚተው፥ ጠባሳውም ለመብሰልና ለመደብዘዝ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ ታካሚው ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

አንዳንድ ደላሎች «በአንድ ጉዞ ሁሉንም ጨርሰህ ትመለሳለህ» እያሉ ሆድን፥ ክንድን፥ ጭንንና ጡትን በአንድ ቀን እንዲሠራ ያባብላሉ። የአውሮፕላን ቲኬት ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረግ ይህ ጥድፊያ አደገኛ ነው። የማደንዘዣው ሰዓት በረዘመ መጠን የሚፈሰው ደም፥ የደም መርጋቱና የቁስሉ መመርቀዝ ሥጋት አብሮ ይጨምራል። አስተዋይ ሐኪም ሥራውን በወራት ልዩነት ከፋፍሎ ይሠራል።

ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ማን ነው

አንደኛ፥ ኪሎው የረጋ መሆን አለበት። ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሳይወጣና ሳይወርድ መቆየት ያስፈልገዋል። ጨጓራውን በኦፕራሲዮን ያሳነሰ ሰው ደግሞ ከዚያ ኦፕራሲዮን በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንዲቆይ ይመከራል። ኪሎው ገና እየወረደ ሳለ ቆዳውን ያስቈረጠ ሰው፥ ከዓመት በኋላ ቆዳው እንደ ገና ላልቶ ያገኘዋል። ብዙ ሐኪሞች የሰውነት ክብደት መለኪያው ከ30 በታች እንዲሆን ይመርጣሉ። ይህም ኪሎን ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ በማካፈል ይገኛል፤ ለምሳሌ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 85 ኪሎ ቢመዝን መለኪያው 29 ተኩል ገደማ ይሆናል። ሳያስበውና ሳይጥር የከሳ ሰው ግን ስለ ቆዳው ከማሰቡ በፊት ስኳር በሽታን፥ የሳንባ ነቀርሳንና የእንቅርት ዕጢን መመርመር አለበት።

ሁለተኛ፥ ደሙና ምግቡ የተስተካከለ መሆን አለበት። ቁስል የሚገጥመው በፕሮቲን፥ በብረትና በቪታሚን ነው። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው፥ ይልቁንም ጨጓራው የተቈረጠ ሰው፥ እነዚህ ሁሉ ሊያንሱት ይችላሉ። የደም ማነስ፥ የስኳር መጠን፥ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ በአገር ውስጥ በትንሽ ወጪ ይደረጋል። ጉድለት ቢገኝ በቤት ሆኖ በሽምብራ፥ በምስር፥ በእንቁላል፥ በሥጋና በታዘዘ መድኃኒት መጠገን፥ በባዕድ አገር ሆቴል ተኝቶ ከመጠገን ይረክሳል።

ሦስተኛ፥ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ ማቆምና ከኦፕራሲዮኑም በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት መታገሥ አለበት። ኒኮቲን ትንንሾቹን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ የተሰፋው ቆዳ ጠርዝ ደም አጥቶ ይሞታል። ሺሻም ከዚህ አይለይም። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ይህን ከማደንዘዣ ሐኪሙ መሰወር የለበትም፤ ጫት የልብን ምትና የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋልና። የክብደት መቀነሻ መርፌ የሚወስድም እንዲሁ ይናገር፤ መርፌው ምግብ በጨጓራ ውስጥ እንዲዘገይ ስለሚያደርግ፥ በማደንዘዣ ጊዜ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴትም ኪኒኑ የደም መርጋትን ሥጋት ስለሚጨምር ለሐኪሟ ታስታውቅ። ገና ልጅ ለመውለድ የምታስብ እናት ከሆነች ደግሞ የሆዱን ኦፕራሲዮን ከወሊድ በኋላ ብታደርገው ይሻላል፤ እርግዝና የተጠበቀውን መልሶ ያላላዋልና።

በመጀመሪያ በቅርብ ያለውን ማየት

ዕቃው በአገር ውስጥ በጥሩ ሁኔታ የሚገኝ ሲሆን ከውጭ ማስመጣት የነጋዴ ብልሃት አይደለም። የፕላስቲክ ኦፕራሲዮን ሐኪሞች በአገራችን አሉ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎና የፕላስቲክ ኦፕራሲዮን ክፍል አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርትም የተጐዳ አካልን መልሶ በማስተካከል ሥራ የታወቀ ነው። የነዚህ ሐኪሞች የዘወትር ድካም በቃጠሎና በአደጋ የተጐዱትን መርዳት ስለ ሆነ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ሆኖም ታካሚው ወደ ውጭ ለመሄድ ቢቈርጥ እንኳ አስቀድሞ አንድ የአገር ውስጥ የፕላስቲክ ኦፕራሲዮን ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መታየት አለበት።

የዚህ ጉብኝት ጥቅሙ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ኦፕራሲዮኑ በእርግጥ እንደሚያስፈልግና እዚሁ ሊሠራ ይችል እንደ ሆነ ይታወቃል። ሁለተኛ፥ ከውጭ የተላከውን የሥራ ዕቅድ የሚመረምር፥ ከደላላው ጋር ጥቅም የሌለው ሰው ይገኛል። ሦስተኛውና ዋነኛው፥ ታካሚው ሲመለስ ቁስሉን የሚያየው፥ ስፌቱን የሚፈታው፥ ችግር ቢነሣ የሚቀበለው ሐኪም ከወዲሁ ይታወቃል። ሌላ ሰው የሠራውን ቁስል በድንገት መረከብ ለማንኛውም ሐኪም ከባድ ነው፤ አስቀድሞ የሚያውቀው ከሆነ ግን ፋይሉ በእጁ ነው።

ዋጋው ኤፍ.ኦ.ቢ. ነው ወይስ ሲ.አይ.ኤፍ.?

አስመጪ ነጋዴዎቻችን በጅቡቲ ወደብ የሚደርሰው ዕቃ ዋጋ፥ ሻጩ በአገሩ ወደብ ከጠራው ዋጋ ጋር አንድ እንዳልሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የኦፕራሲዮንም ዋጋ እንዲሁ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የኤፍ.ኦ.ቢ. ዋጋ ነው። በእርሱ ላይ የሚጨመሩትን አንድ በአንድ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ የቅድሚያ ምርመራው፥ የማደንዘዣ ሐኪሙ ድካም፥ የአልጋው ኪራይ በየሌሊቱ፥ መድኃኒቱ፥ ፈሳሽ ማውጫ ቱቦው፥ ሰውነትን አጥብቆ የሚይዘው ልብስ፥ አስተርጓሚው፥ ከሐኪም ቤት ወጥቶ የሚታረፍበት ሆቴል፥ የአስታማሚው ቲኬትና ቀለብ፥ የቪዛው ክፍያ።

ከነዚህ ሁሉ የበለጠ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ቁስሉ ቢመረቅዝ፥ ደም ቢፈስ ወይም ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ወጪው የማን ነው?» የሚል ነው። ብዙ ውሎች ለሁለተኛው ሥራ የሐኪሙን ድካም ብቻ ምረው የአልጋውን፥ የማደንዘዣውንና የአውሮፕላኑን ወጪ በታካሚው ላይ ይጥላሉ። ተራው የመንገደኛ መድንም በፈቃድ የተደረገን የውበት ኦፕራሲዮንና ከእርሱ የሚመጣውን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከውሉ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ ታካሚው ለዋናው ሥራ ከመደበው ገንዘብ ሌላ፥ ያልታሰበ ነገር ቢመጣ የሚያወጣው መጠባበቂያ ሳይዝ መነሣት የለበትም። የመጠባበቂያው ገንዘብ የሱቁን ዱቤ መክፈያ የሚነካ ከሆነ ጉዞው ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ሐኪም ቤቱንና ሐኪሙን ስለ መመርመር

ከአገራችን ለሕክምና የሚወጡ ሰዎች በብዛት የሚሄዱት ወደ ሕንድ፥ ወደ ታይላንድ፥ ወደ ቱርክና ወደ ዱባይ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደነዚህ ሁሉ ይበራል። ሕንድ ለታካሚና ለአስታማሚ የተለየ የሕክምና ቪዛ ትሰጣለች። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መታከም በኋላ የመቈያ ጊዜ ለማራዘም ያስቸግራልና ትክክለኛውን ቪዛ መያዝ ይገባል።

ሐኪም ቤቶችን መርምሮ የብቃት ወረቀት የሚሰጠው ጄ.ሲ.አይ. የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። በእስያ በመጀመሪያ ይህን ወረቀት ያገኘው፥ እ.ኤ.አ. በ2002፥ በባንኮክ የሚገኘው ባምሩንግራድ ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ብዙ ሐኪም ቤቶች ይዘውታል። በቱርክ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ደንብ፥ የውጭ አገር ታካሚ የሚቀበል ሐኪም ቤትም ሆነ አገናኝ ድርጅት ከጤና ሚኒስቴር የተለየ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ታካሚው የወረቀቱን ፎቶግራፍ በማየት ሳይወሰን፥ ስሙን ከሰጪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ማመሳከር አለበት። የሐኪም ቤቱ ወረቀት የሐኪሙን እጅ አይመሰክርምና፥ የሐኪሙ ሙሉ ስም፥ የፕላስቲክ ኦፕራሲዮን ልዩ ትምህርቱና በአገሩ የሐኪሞች መዝገብ መጻፉም ይጠየቅ። ብዙ ኪሎ በቀነሱ ሰዎች ላይ ልምድ እንዳለው፥ ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ፥ በዚያው ሕንፃ የጽኑ ሕሙማን ክፍል መኖሩም ይጣራ። የሐኪሙን ስም ከመግለጽ ይልቅ «ከደረስክ በኋላ ይመደብልሃል» የሚል ድርጅት ቢኖር፥ ዕቃውን ሳያሳይ ገንዘብ እንደሚቀበል ሻጭ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ፥ ከ2009 እስከ 2022 ድረስ የውበት ኦፕራሲዮን ለማድረግ ወደ ዶሚኒካን ሪፑብሊክ ከሄዱት አሜሪካውያን 93ቱ መሞታቸውን አስታውቋል። ምርመራ ከተደረገባቸው ብዙዎቹን የገደለው ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ወይም ስብ ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2003ና በ2004፥ እንደ ገናም በ2013ና በ2014፥ ለማዳን ወራት የሚፈጅ ተሕዋስ በቁስላቸው የገባባቸው ታካሚዎች ወደ አሜሪካ ተመልሰው ታመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በሜክሲኮ ማታሞሮስ ከተማ በሁለት ክሊኒኮች፥ በአከርካሪ በኩል በተሰጠ የማደንዘዣ መርፌ ፈንገስ ገብቶ የማጅራት ገትር በሽታ አስነሥቷል፤ ሰዎችም ሞተዋል። ጥሩ ሐኪም ቤቶች በየአገሩ መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን ክፉውን ከደጉ ሳይለዩ፥ በዋጋው መርከስ ብቻ ተስቦ መሄድ አይገባም።

ስለ ውጭ ምንዛሪ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበረ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 100 ብርን አለፈ። ስለዚህ በዶላር የተነገረን የኦፕራሲዮን ዋጋ በተነገረበት ቀን ምንዛሪ በብር አስልቶ መተው አይበቃም፤ በሚከፈልበት ቀን ሊሆን የሚችለውን ጭማሪ መያዝ ያሻል።

ባንክ ለሕክምና የሚሆን ምንዛሪ ለመስጠት ፓስፖርት፥ ቪዛ፥ ቲኬት፥ የሐኪም ማስረጃና የውጭው ሐኪም ቤት የላከውን የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃል። የሚፈቀደው መጠንና የሚጠየቀው ሰነድ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል፥ የኦፕራሲዮኑን ቀን ከመቍረጥ በፊት ባንኩን መጠየቅ ይገባል። ክፍያው ከባንክ ወደ ሐኪም ቤቱ ሒሳብ በቀጥታ ቢተላለፍ ደረሰኙ ለኋላ ክርክር ማስረጃ ይሆናል፤ በደላላ እጅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ግን ምስክር የለውም።

ላኪ ነጋዴዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ማሾ፥ ሰሊጥ ወይም የቁም ከብት የሸጠላቸውን የውጭ ደንበኛ «ከዋጋው ይህን ያህል ለሐኪም ቤቱ ክፈልልኝ» ማለት ቀላል መስሎ ይታያቸው ይሆናል። የወጪ ንግድ ገንዘብ በባንክ በኩል ወደ አገር መግባት ስላለበት፥ ይህ አድራጎት ሕግን መተላለፍ ነው፤ የንግድ ፈቃድንም ለአደጋ ያጋልጣል።

የቀኑ ሒሳብ

አሁን የመመለሻውን ሒሳብ እንመልከት። ለምሳሌ ያህል አንድ የጨፋ ሮቢት ባለ ሱቅ የሆድ ኦፕራሲዮን ለማድረግ ወደ ባንኮክ ቢሄድ፥ በረራው ብቻ ስምንት ሰዓት ያህል ነው። ለምርመራ ሦስት ቀን ያህል ይፈጃል፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሐኪም ቤት ከሁለት እስከ አራት ሌሊት ይተኛል፤ ፈሳሽ ማውጫው ቱቦ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሊቈይ ይችላል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይሞላ በአውሮፕላን መሄድ እንደማይገባ ይመክራል። ወገብን ለሚዞረው ከባድ ሥራና ለረጅም በረራ ብዙ ሐኪሞች ከዚህም አብልጠው ሁለትና ሦስት ሳምንት ያስቈያሉ። አየር መንገዱም በቅርብ ኦፕራሲዮን ከተደረገለት መንገደኛ የሐኪም ፈቃድ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የመመለሻ ቲኬቱ ቀኑ የሚለወጥ መሆን አለበት። በአውሮፕላን ውስጥም ውሃ መጠጣት፥ በየሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፥ ሐኪሙ ያዘዘውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አለማቋረጥ ግዴታ ነው።

ቦሌ መድረስ ግን ቤት መድረስ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በርን ይወርዳል፤ ከዚያ በደብረ ሲና፥ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ይዘልቃል። አዲስ የተሰፋ ሆድ ይዞ በዚህ መንገድ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እንደ ሁለተኛ በረራ ይቆጠራል፤ ለደም መርጋትም ያጋልጣል። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት እንደ ሆነው፥ መንገዱ በጸጥታ ችግር የሚዘጋበት ጊዜም አለ። በዚያን ጊዜ ቁስሉ የመረቀዘበት ሰው ከሚሴ ወይም ደሴ ባለው ሐኪም ቤት የመጀመሪያ እርዳታ ቢያገኝም፥ ወደ ፕላስቲክ ኦፕራሲዮን ሐኪሙ ለመድረስ አይችልም። ስለዚህ ከውጭ የተመለሰ ሰው ቢያንስ ሁለት ሳምንት በአዲስ አበባ፥ አስቀድሞ ከተስማማው ሐኪም አጠገብ ቢቀመጥ ይመከራል። አቅም ያለው ሰው እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄዶ ወደ ከሚሴ በመኪና ቢወርድ የመንገዱ ድካም ይቀልለታል።

ቤት ከገባም በኋላ ድካሙ አያበቃም። የሚያጠብቀውን ልብስ ስድስት ሳምንት ያህል መልበስ ያስፈልጋል። በቆላ ሙቀት ይህ ከባድ ስለ ሆነ፥ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ ሁለት ይዞ መምጣት ይበጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአምስት ኪሎ በላይ ማንሣት አይፈቀድም። ኩንታል የሚያወርድ፥ ጣቃ የሚያነሣ፥ ዘይት የሚደረድር ባለ ሱቅ ይህን ትእዛዝ ቢጥስ የተጠበቀው ጡንቻ ይበጠሳል። ቁጭ ብሎ ሒሳብ የሚጽፍ ሰው ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ወደ ጠረጴዛው ሊመለስ ይችላል፤ ሸክም ያለበት ሥራ ግን ሁለት ወር ይጠብቃል።

ሱቁስ?

እንግዲህ የጉዞው፥ የመተኛውና የማገገሚያው ጊዜ ቢደመር ሁለት ወር ከመንፈቅ ያህል ይሆናል። ነጋዴው ይህን ጊዜ ከገበያው ወራት ጋር ማነጻጸር አለበት። እህል በሚገባበት፥ የሰንበቴ የእሑድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያ በሚደምቁበት ወቅት ከሥራ መለየት ጉዳቱ ግልጽ ነው። ረመዳንም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ሳምንታት ላይ እንዳይውል ቀኑን መቍጠር ይበጃል። ሕመምተኛ ከጾም እንዲያርፍ ሃይማኖቱ ቢፈቅድም፥ ቁስል ውሃና ምግብ በሚሻበት ሰዓት በጾመኛ ቤት መተኛት ለታካሚውም ለቤተ ሰቡም ያስቸግራል።

ከመነሣቱ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ለሚያምነው ሰው በተወሰነ ጉዳይ የውክልና ሥልጣን ይስጥ፤ ባንኩም ይህን እንዲያውቅ ያድርግ። የታክስ ማስታወቂያ የሚቀርብበት ቀን፥ የዱቤ መክፈያው ቀን፥ በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ ካለም የሚገባበት ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ በወኪሉ እጅ ይሁን። ባለቤቱ በባንኮክ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ዕቃው በጅቡቲ የመዘግየት ኪራይ ቢቆጠርበት፥ የኦፕራሲዮኑ ዋጋ በዚያው መጠን ጨመረ ማለት ነው።

ከተመለሱ በኋላ ቸል የማይባሉ ምልክቶች

አንድ እግር ብቻውን ሲያብጥና ሲያም፥ ደረት ሲወጋ፥ ትንፋሽ ሲያጥር፥ ይህ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ እስከ ነገ ማሳደር ሞትን መጠበቅ ነው። ትኩሳት፥ የቁስሉ መቅላትና መግል፥ የቆዳው ጠርዝ መጥቆር፥ ከቆዳ በታች ውሃ መቋጠር ሲታይም ለሐኪሙ ማስታወቅ ይገባል።

በተለይ አንድ ነገር በአገራችን ላይ ማስተዋል ያሻል። ከላይ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የጠቀስነው ተሕዋስ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ዘመድ ነው። ሳምንታት ወይም ወራት ከቆየ በኋላ በጠባሳው ላይ እብጠትና የማይደርቅ መግል ሆኖ ይታያል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ነቀርሳ ይመስላል፤ ተራው የነቀርሳ መድኃኒት ግን አያድነውም። ስለዚህ ታካሚው በውጭ አገር ኦፕራሲዮን እንደ ተደረገለት ሳያፍር መናገር፥ መግሉም በላቦራቶሪ ተዘርቶ እንዲመረመር መጠየቅ አለበት። ለዚህም የኦፕራሲዮኑ ዝርዝር፥ የተሰጠው መድኃኒትና የመውጫው ወረቀት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከእጁ ሳይለይ መምጣት ይኖርበታል። እነዚህን ሰነዶች ሳይቀበሉ ከሐኪም ቤት መውጣት፥ የዕቃ ማስረከቢያ ሳይዙ ከወደብ እንደ መውጣት ነው።

እንግዲህ ይህን ጉዞ የሚያስብ አንባቢያችን አንድ ወረቀት ወስዶ ከታች ወደ ላይ ቢጽፍ መልካም ነው። በመጨረሻው መስመር የሚቀበለውን የአገር ውስጥ ሐኪም ስም ያስፍር፤ ከዚያ በላይ በአዲስ አበባ የሚያርፍበትን ቤት፥ ከዚያ በላይ የመጠባበቂያውን ገንዘብና ወኪሉን፥ ከዚያ በላይ የውጭውን ሐኪም ስም፥ በመጀመሪያው መስመር ላይም የቀብዱን መጠን ይጻፍ። ከታች ያለው መስመር ባዶ ሆኖ ሳለ በላይኛው ላይ የተጻፈው ገንዘብ ከእጁ መውጣት እንደማይገባው በትሕትና እናሳስባለን።